ሆድ ያለው መቀመጫ

ተኛ በቃ ይላል ለራሱ፣ ተኛ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ እስከ እኩለ ቀን ስትነዳ ቆይተህ አሁን ምን ቆርጦህ ነው ጣሪያ ላይ የምታፈጠው፤ ጣሪያው ግን አይለቀውም፣ መጋረጃ ተብሎ የተሰቀለው አንሶላ ፀሐይዋን ሊከለክላት ቀርቶ መንገድ እያሳየ የሚያስገባት ይመስላል፣ ከሥር ያለው የመኪና እጥበት ፓምፕ እየጮኸ ነው፣ ስልኩ ደረቱ ላይ ተጋድሟል፣ ስልኩ ውስጥ ሁለት የሞተር መቀመጫ አለ። አንዱን ያያል፣ ወደ ግራ ይገፋዋል፣ ሌላውን ያያል፣ ይመልሰዋል። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲህ አይገላበጥም። ቅዳሜ ነው፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የሞተር ወንበር የሚሰፋው ሰውዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የምጠብቅህ ብሎታል፣ ከዘጠኝ በኋላ መቀመጫው ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ሰኞ ጠዋት ሞተሩ መቀመጫውን ለብሶ ካልቀረበ ሥራው ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ከሄደ እሱም ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ሰው ቂጡን በሚያሳርፍበት ስፖንጅ ላይ ነው።

ሽቦ ይሉታል። ቀጭንና የማይሰበር ስለሆንኩ ነው ይላል እሱ፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ግን ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ስለሚጠላለፍ ነው ትላለች። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አላየም፣ ሞተር ግን አንዴ ድምፁን ሰምቶ ምኑ እንደታመመ ይነግርሃል። አሁን የሚሠራው ጥርስ ማመላለስ ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ የሰውን አፍ በጀሶ ቀርጸው ይሰጡታል፣ እሱ ጥርስ ወደሚሠራበት ቤት ያደርሳል፣ ያለቀውን ጥርስ ደግሞ ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። በቀን የሠላሳ ሰው ጥርስ ተሸክሞ ሲዞር ይውላል፣ የራሱን አንዱን መንጋጋ ካስነቀለ ግን ዓመት ሆኖታል። ጀሶ ደግሞ አመለኛ ነው፣ ጉድጓድ አይወድም። ባለፈው ወር አንደኛው ሾፌር በጀርባው አዝሎ ሲሄድ መንገድ ላይ ነጠረና ሲደርስ ቦርሳው ውስጥ የነበረው ዱቄት ብቻ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርባ እየጠጣ ጥርሱን ሲጠብቅ የነበረ ሽማግሌ እንደገና አፉን ከፍቶ ሊቀረጽ ተቀመጠ። በዚህ ነው አለቃዋ ሁሉንም ሰብስባ የተናገረችው። «ከኋላ የሚታሰር ሳጥን አልፈልግም፣ መብራት ላይ ቆማችሁ ስንቱ ተፈትቶ ተወሰደ! የሚታዘል ቦርሳም አልፈልግም። ከሞተሩ ጋር የተሠራ፣ የሚቆለፍ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው። ሰኞ ያንን ይዞ የመጣ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፣ ደብዳቤውን እኔ እፈርማለሁ፤ ያልመጣ ደህና ይሁን።» ቋሚ! የመኖሪያ ወረቀት የሚታደስበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ወደሱ ገፍታ የመለሰችው በዚያው በአንድ ቃል ነበር፤ ቋሚ የሥራ ደብዳቤ ከሌለ አይታደስም። የቀረው አምስት ሳምንት ነው።

ታዲያ ምን ያስጨንቃል፣ ሆድ ያለውን መቀመጫ መግዛት ነዋ! ችግሩ ሆዱ ያለበት ቦታ ነው። በስልኩ የሚያያቸው ሁለቱም መቀመጫዎች ሆድ አላቸው። የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ ሁለት ሰው ያስቀምጣል፣ ሆዱ ግን ከሥሩ የተጣበቀች ትንሽ ኪስ ናት፣ ጓንትና የሞተሩ ወረቀት ከገባባት ሌላው ሁሉ ደጅ ይቀራል። ሁለተኛው ለአንድ ሰው ነው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሌላ ሰው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ክዳን ያለው ሰፊ ሆድ ተነስቷል፣ ጠርዙን ጎማ ዞሮታል፣ የጀሶው ሳጥኖች ተደርድረው ይገቡበታል። ሥራውን የሚያተርፈው እሱ ነው። እሱን ከገዛ ግን ከኋላ ሰው አይጭንም። ከኋላ ሰው ካልጫነ እትዬ በእግራቸው ሊሄዱ ነው።

እትዬን ያገኛቸው የሞቱ ሰዎች ሰልፍ ላይ ነው። እንዲህ ሲል ሰው ይደነግጣል፣ ግን እውነቱን ነው። እዚህ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው፣ እቀበልሃለሁ ያለው ጓደኛው ስልኩን ዘግቷል፣ ኪሱ ውስጥ ያለው የአንድ ሰው አድራሻ ነው፣ አድራሻው ጋ ያለው ሌላ ሰው ነው። ወረቀት የሚሰጥበት ነው ብለው ያሳዩት ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ ሰው የበዛበትን ሰልፍ መረጠ፤ ሰው የበዛበት ሰልፍ ጥሩ ነገር አለው ብሎ ነው፣ ሰፈር ውስጥ እንደዚያ ነበር። ቁጥር መያዝ እንዳለበት አያውቅም። አራት ሰዓት ሙሉ ቆመ። አንዲት ሴትዮ በእግሩ ዙሪያ ወለል ሲወለውሉ አንዴ እግሩን አነሳ፣ ሁለተኛ አነሳ፣ በሦስተኛው ምርር ብሎት በራሱ ቋንቋ «ኧረ አሁንስ ተንጠልጥዬ ልቁም እንዴ!» አለ። መወልወያው ቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት፣ ከላይ እስከ ታች። «አንተ ልጅ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉት። «ማንም አልሞተብኝም፣ ምነው?» «ታዲያ የሞት ማስረጃ ሰልፍ ላይ ምን ትሠራለህ? ና ውጣ፣ ና ውጣ ከዚህ፣ ደግ አይደለም!» እጁን ይዘው ቁጥር አስያዙት፣ ትክክለኛው መስኮት ጋ አስቆሙት፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከተቀመጠበት መጥተው ዳቦ ሰጡት። ያን ቀን እሳቸው ክፍል ውስጥ አደረ፤ አልጋውን ለእሱ ሰጥተው እሳቸው ጎረቤት ሄደው አደሩ። እንዲህ አንድ ወር ሆነ። ይህን ክፍል ሲከራይም የፈረሙለት እሳቸው ናቸው፣ «ልጄ ነው» ብለው ነው የፈረሙት፣ አከራዩ ሁለቱን ፊት አይቶ አላመነም፣ እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልሰበሩም። እንግዲህ ይህንን ሰው ነው በመቀመጫ የምለውጠው ይላል፣ ተገላብጦ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ሞተሯን የገዛ ቀን ምን አደረገ፣ በቀጥታ እሳቸው በር ላይ አቆመና ክላክሱን አስጮኸው። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በእግራቸው አይሄዱም!» ብሎ አወጀ፣ እጁን አንስቶ፣ እንደ ሹመት። የእሳቸው መሥሪያ ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ይርቃል፣ አውቶቡስ የሚጀምረው እሳቸው ሥራ ከገቡ በኋላ ነው፣ ጉልበታቸውን ደግሞ ያማቸዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «እንዴ! እንዴ ልጄ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን ልበል» አሉ። ይኸው ሰባት ወር ሆነ። በየጠዋቱ አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ በራቸው ላይ ይቆማል፣ እሳቸው ነጠላቸውን በሄልሜቱ ሥር ጠቅልለው ከኋላው ይቀመጣሉ፣ ጃኬቱን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይይዛሉ፣ ጀርባው ላይ ግንባራቸውን ያሳርፋሉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል፣ እየመረቁኝ ነው ብሎ ደረቱን ይነፋል። ደስ ሲለው ደግሞ ማርሽ ይጨምራል። ኩርባውን ዘንበል አድርጎ ይገባዋል፣ ይዩልኝ ብሎ ነው፣ ልጃቸው እንዴት እንደሚነዳ ይዩልኝ። በዓለም ላይ እንደዚያች አጭር ጉዞ የሚወደው ነገር የለውም። ብድር መመለስ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ እያለ ይሄዳል።

ትናንት ወንበር ሰፊው ጋ ሄዶ ነበር። ሰፊው ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ነው ያለው፣ ግድግዳው ሙሉ የተሰቀለ ቆዳና ስፖንጅ ነው፣ ሰውዬው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው። ባለ አንድ ሰው መቀመጫውን ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ከላይ ደፋበት፣ ሽቦ ኧረ ሲል ክዳኑን ከፈተና ውስጡን በመሐረብ ጠርጎ መሐረቡን አሳየው፤ ደረቅ ነው። «ርካሾቹ ስፌታቸው ከላይ ነው፣ ውሃ በስፌት ነው የሚገባው። ይኼ ስፌቱ በጎን ነው» አለው። ማጠፊያው ብረት ነው፣ ክዳኑ ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ ነዳጅ ሲቀዳ አያስቸግርም፣ ሆዱና የኋላው ጎማ መሃል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ጉድጓድ ሲገባ አይነካካም። የማይወደድ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ሰውዬው መርፌዋን ከከንፈሩ አውጥቶ ጠየቀው፤ «ግን አንተ የምትጭነው ዕቃ ነው ሰው?» ሽቦ ነገ እነግርሃለሁ ብሎ ወጣ። ነገ የተባለው ይኸው ዛሬ ነው።

ስልኩ ደረቱ ላይ ተንቀጠቀጠ። እህቱ ናት።

«ሽቦ፣ ተኝተሃል?» አለችው።

«ተኝቼ ብሆን ማን ያነሳዋል?»

«አፍህን ሰብስብ። ድምፅህ ምን ሆኗል? አሞሃል እንዴ?»

እሷን መዋሸት አይችልም፣ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃም ፊቱን የምታይ ነው የሚመስለው። ነገራት፤ ሰኞን፣ ደብዳቤውን፣ ሁለቱን መቀመጫ፣ የእትዬን ነገር። ሲጨርስ «ሥራው ይቅር እንጂ እሳቸውን አልጥልም» አላት። ስልኩ የተቋረጠ መሰለውና ሃሎ ሃሎ አለ። አልተቋረጠም፤ እህቱ እየሳቀች ነው። ሳቋን ለማፈን ስትታገል ቆይታ አሁን አምልጧት እያሳላት ነው።

«ምን ያስቅሻል አንቺ? ሰው እየሞተ!»

«አልነግርህም። ምያለሁ።»

«ምን ብለሽ ነው የማልሽው? ለማን?»

«ለእትዬ። በየሳምንቱ እንደምንደዋወል ታውቅ የለ? እንዳትነግሪው ብለው በአንተ ሞት አስምለውኛል።»

«ቅበሪኝ ንገሪኝ።»

«እሳቸው በአንተ ሞት ያስምሉኛል፣ አንተ ቅበሪኝ ትለኛለህ፣ ስንቴ ነው የምትሞተው?» አለችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ስማኝ ወንድሜ። ሴትዮዋ ሞተር ይፈራሉ። መፍራት ስልህ እንደ ሞት ነው የሚፈሩት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሄዱት። ያስመልሰኛል ብለው ጠዋት አፋቸው ላይ ነገር አያደርጉም። ጀርባህ ላይ የሚያወሩት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዛሬን አሳልፈኝ ነው።»

«ኧረ... ጉልበታቸውስ?»

«ጉልበታቸውን የሚያማቸው አጥፈው ሲቀመጡ ነው። ሐኪሙ በእግር መሄድ ነው የሚሻልዎት ብሏቸዋል። ደግሞም ብቻቸውን አልነበረም የሚሄዱት፣ ሁለት አብረዋቸው የሚሠሩ ሴቶች አሉ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ነበር የሚሄዱት። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምስቅባት ሰዓት እሷ ነበረች አሉኝ። አንተ መጣህና ወሰድክባቸው።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«እንዴት ብለው? ያን ያህል ሰው ፊት አውጀህ! ልጁ በደስታ ፊቱ ሲበራ እያየሁ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው አሉኝ። ውለታዬን እየመለሰ ነው የሚመስለው፣ ይመልስ፣ እስኪወጣለት ልታገሰው አሉኝ። ሰባት ወር እኮ ነው የታገሡህ።»

ስልኩን ዘግቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው እየነደደ ነው። ፓምፑ ከታች ይጮኻል፣ ድሮም ይጮኽ ነበር፣ አሁን ግን እሱ ላይ የሚጮኽ መሰለው። ምልክቱ ሁሉ ነበረ እኮ፣ አራዳ ነኝ የምትለው ሰውዬ! የጃኬትህ ኪስ ለምን ተቀደደ? ሲወርዱ ለምን ግድግዳውን ይዘው ይቆማሉ፣ ልብሴን ላስተካክል ሂድ አንተ ይላሉ፣ ምን የሚስተካከል ልብስ አለ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ኖሮ ነው። ኩርባውን ዘንበል አድርጌ ስገባ ያቺ በሁለት እጅ ጭምድድ... እና አንተ ማርሽ ትጨምራለህ። አቤት! ትራሱን አንስቶ ፊቱ ላይ ጫነው። የሚያሳፍረው ነገር ብዙ አድርጓል በሕይወቱ፣ ከዕቃ ቤት ባትሪ ሰርቋል፣ ለእህቱ ትምህርት ቤት ነኝ እያለ ጋራዥ ውሏል፣ እንደዚህ ግን አፍሮ አያውቅም። ትራሱ ሥር ሳለ ግን ሌላ ነገር ቀስ እያለ መጣበት፣ እፍረት ያልሆነ፣ ሞቅ ያለ። ሰባት ወር። ከጠዋት ጠዋት፣ በብርድ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ሞትን እየፈሩ ጀርባው ላይ የወጡት ለእሱ ደስታ ሲሉ ነው። አልጋቸውን የሰጡት አንድ ወር ነው፣ ይኼንን ግን ሰባት ወር ሰጥተውታል፣ ያውም ሳይነግሩት። እሱ ብድር እየመለስኩ ነው ሲል በየቀኑ አዲስ እየተበደረ ኖሯል። የእናቱን ፊት አያስታውስም፤ እህቱ ያሳደገችው አንሶ ደግሞ ይህችን ሴትዮ፣ ወለል እየወለወለች፣ ሳልፈልጋት፣ እግዜር ጫማዬ ሥር አመጣልኝ፣ እኔ ማን ነኝ፣ ምን ሠርቼ ነው ይላል። ትራሱ ረጥቧል። ላብ ነው ይላል ለራሱ፣ ሙቀቱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ሱቁ ውስጥ ነበር። «ዕቃ ነው የምጭነው!» አለ ገና ከበሩ። ወንበር ሰፊው መርፌዋን ከከንፈሩ አውጥቶ ፈገግ አለ፣ የአሮጌውን መቀመጫ አራት ብሎን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመው፣ አንዴ አልገጥም ብሎት ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ ጨመረበት፣ በቡጢ መታው፣ አልተነቃነቀም። አሮጌውን መቀመጫ ትተውልኛለህ ወይስ ትወስደዋለህ ቢለው ሽቦ አየው፣ የኋላው ግማሽ ላይ ቆዳው በሁለት በኩል ተሸብሽቧል፣ እትዬ በጉልበታቸው ጨምቀው ይይዙበት የነበረው ቦታ ነው። እስካሁን እንዴት አላየውም? «ያንተ ይሁን፣ ለሌላ ሰው ስፋው» አለ።

አሁን የቀረው እሳቸው ጋ መሄድ ነው። ይኼኛው ከመሥሪያ ቤቱም ከሰልፉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ማወቁን ማወቅ የለባቸውም። አወቀ ከተባለ ደግሞ እሳቸው ሊያፍሩ ነው፣ ልጁን አሳዘንኩት ብለው እንቅልፍ ሊያጡ ነው፣ እህቱም በሐሰት የማለች ልትባል ነው። የቤታቸው ደረጃ ላይ አገኛቸው፣ ማታ ሊሆን ሲል፣ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዘው ሲወጡ። ሳፋውን ተቀበላቸውና ፊቱን አጨለመ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ።

«እትዬ፣ መጥፎ ዜና ነው ያለኝ።»

እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ። «ምነው? እህትህ ደህና አይደለችም?»

«ደህና ናት። ሞተሩ ነው። ሥራው መቀመጫ አስቀየረኝ፣ አዲሱ የሚይዘው ለአንድ ሰው ነው። ከሰኞ ጀምሮ... እንግዲህ እርስዎን ማድረስ አልችልም።»

የእትዬ ፊት ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ከአገጫቸው ተነስቶ ወደ ዓይናቸው የሚወጣ፣ ሊይዙት ታገሉ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውይ! ውይ ልጄ! እንዴት ያሳዝናል!» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሰርግ ድምፅ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እምቢ ልላቸው ነበር...»

«ኧረ እንዳትል! ሥራ ነው እኮ! ሥራ ይቀድማል!» አሉ በአንድ ትንፋሽ፣ እጁን ይዘው። በጣም እንደፈጠኑ ለራሳቸውም ታወቃቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ግን ለምጄው ነበር። በጣም ነበር የተመቸኝ።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለ ሽቦ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ቢጨምር ሳቁ ያመልጠው ነበር፣ ወይ ልቅሶው፣ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀም፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ምን ሆነሃል አንተ፣ ልብሱ ይወድቃል እያሉ ጭንቅላቱን ዳበሱት።

ሰኞ አለቃዋ ክዳኑን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው፣ ስፖንጁን በጣቷ ተጫነችው፣ ከዚያ ደብዳቤውን ፈረመች። ደብዳቤው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እጁ ገባ። እሱ ግን ያን ቀን ደስታው የጀመረው ከደብዳቤው በፊት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ትልቁን መንገድ ሲታጠፍ። ሦስት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የእግረኛውን መንገድ ሙሉ ይዘውታል። መሃል ላይ ያሉት ነጠላ የተከናነቡት እጃቸውን በአየር ላይ እያወዛወዙ አንድ ነገር ያሳያሉ፣ ሰውነታቸውን ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል፣ ወዲህ ዘንበል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ እሱ ኩርባውን ሲገባ ከኋላው የሚሆኑትን ነው የሚያሳዩት። ሁለቱ ሴቶች በሳቅ መራመድ አቅቷቸዋል። ሽቦ ጋዙን ቀነሰ። መንገዱ ጨለማ ስለነበር መብራቱን እግራቸው ሥር አበራላቸውና ከኋላቸው ቀስ እያለ ተከተለ። እትዬ ዞረው አዩት፣ እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አንተ ነህ እንዴ! ሂድ እንጂ፣ ሥራ የለህም? የሴት ወሬ ልታዳምጥ ነው?» አሉት።

«ሄጃለሁ እትዬ!» ብሎ አለፋቸው። ከኋላው ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ኩርባው ጋ ሲደርስ ዘንበል ሳይል፣ ቀጥ ብሎ፣ በዝግታ ዞረ።